ሕፃኑ ሲተኛ ዕረፍት ነው፦ ለሞግዚት ልዩ የሥራ ሰዓት ለሚያወጡ አሠሪዎች የቀረበ ምክር

የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሰዓት የታወቀ ነው። ጠዋት 2፡30 ይገባል፣ 6፡30 ላይ ለምሳ ይወጣል፣ 7፡30 ላይ ተመልሶ 11፡30 ላይ ቦርሳ ይነሣል። ዓርብ ምሳው 5፡30 ላይ ስለሚጀምር ሳምንቱ ሲደመር 39 ሰዓት ይሆናል። እንዲህ ያለ ሰዓት ላለው ሰው ሞግዚት መቅጠር ቀላል ነገር ነው። የእርስዎ ቤት ግን እንደዚያ አይደለም። እናት ነርስ ናት፤ ዛሬ ቀን ትገባለች፣ ነገ ከሰዓት፣ ከነገ ወዲያ አዳር ናት። አባት ሆቴል ነው የሚሠራው፤ አዳራሹ ውስጥ ሠርግ ካለ የሚወጣበትን ሰዓት የሚያውቁት ሙሽሮቹ ናቸው። በዚህ መሀል ገና መቆም የጀመረ፣ ጠረጴዛ ላይ ያለውን ሁሉ የሚጎትት ልጅ አለ።

ስለዚህ «ሰው ሲነሣ ተነሺ፣ ሰው ሲተኛ ተኚ» የሚለው የድሮ አሠራር ለእናንተ አይሆንም። በእናንተ ቤት ሰው አንድ ላይ አይነሣም፤ አንድ ላይም አይተኛም። የሚያስፈልጋችሁ ልዩ የሥራ ሰዓት ነው። አወጣጡን ከዚህ በታች በዝርዝር እናቀርባለን። ምክሩ በአዲስ አበባ ቤቶች ውስጥ ለረጅም ዘመን ሲሠራበት የኖረ ነው፤ የእኛ ድርሻ በጽሑፍ ማስፈር ብቻ ነው።

አንደኛ፣ ከራስዎ ሰዓት ይጀምሩ። አንድ ሉክ ወረቀት ያዘጋጁና የእናትን የወር ተራ በሰማያዊ፣ የአባትን በቀይ እስክሪብቶ ያስፍሩ። ቀጥሎ የዕድሩን ስብሰባ፣ የማኅበሩን ተራ፣ የለቅሶ ቤቱን፣ ጂሙን፣ እንዲሁም «ከጓደኞች ጋር አንድ ሁለት ማለት» የሚባለውን ይጨምሩ። ሲጨርሱ ወረቀቱን ራቅ አድርገው ይመልከቱት። ቀለም የነካው ሁሉ ከሁለታችሁ አንዳችሁ ወይም ሁለታችሁም ከቤት የምትወጡበት ሰዓት ስለሆነ የሞግዚቷ የሥራ ሰዓት ነው። ነጭ ሆኖ የቀረው ደግሞ ሁለታችሁም ደክማችሁ ቤት የምትሆኑበት ሰዓት ነው፤ ስለዚህ እሱም የሞግዚቷ ነው።

ይህ አሠራር ተለዋዋጭ የሥራ ሰዓት ይባላል። እናትየዋ ሆስፒታል ውስጥ አንድ አዳር መቀየር ብትፈልግ ተቀያሪ ባልደረባ መፈለግ፣ ማስማማት፣ ለዋና ነርሷ ቀደም ብሎ ማሳወቅ ይጠበቅባታል። ቤት ውስጥ ይህ ሁሉ ውጣ ውረድ አያስፈልግም። ጫማ እያደረጉ «ዛሬ አመሻለሁ» ማለት በቂ ነው። ጫማ አድርገው ከወጡ በኋላ ትዝ ካለዎትም ችግር የለም፤ ስልክ አለ። አስበው የሚደውሉ ከሆነ በጎረቤት ዘንድ እንደ ደግ አሠሪ ይቆጠርልዎታል።

ሁለተኛ፣ የዕረፍት ሰዓቷን በግልጽ ይወስኑላት። ዕረፍት የሌለው ሥራ ከሰብአዊነት የወጣ ነው፤ እርስዎ ደግሞ ክርስቲያን ወይም ሙስሊም ነዎት። የዕረፍት ሰዓት ማለት ሕፃኑ የተኛበት ሰዓት ነው። ከዚህ የተሻለ ፍትሐዊ አከፋፈል አይገኝም፤ ሰዓቱን የሚወስነው ሕፃኑ ስለሆነ ቅሬታ ቢኖራት ለእሱ ታቅርብ።

እስቲ አንዱን የዕረፍት ሰዓት ቀረብ ብለን እንየው። ከቀኑ 7 ሰዓት ተኩል ነው። ሕፃኑ ጀርባዋ ላይ ታዝሎ፣ እሹሩሩ ተብሎ፣ በስንት ልመና ተኝቷል። አንቀልባውን ፈትታ ስታስተኛው እጇን ከአንገቱ ሥር ቶሎ አታወጣም፤ ፈጥና ከሳበችው ይነቃል። ትንሽ ቆይታ፣ አንድ በአንድ ጣቶቿን አውጥታ፣ በሩን ገርበብ አድርጋ ትወጣለች። ማዕድ ቤት ጡጦዎቹ ይጠብቋታል፤ ድስት ጥዳ ትቀቅላቸዋለች። ጠዋት የተዘፈዘፈ የልጅ ልብስ አለ፤ ታሽቶ፣ ተለቅልቆ ይሰጣል። ከዚያ የራሷን ምሳ በትንሽ ሳህን አድርጋ እንደቆመች አንድ ሁለት ጊዜ እንደጎረሰች ከኮንዶሚኒየሙ ግቢ «ቆራሌው!» የሚል ድምፅ ይሰማል። ሕፃኑ ነቃ። ሳህኑ ምድጃው አጠገብ ተከድኖ ይቀራል። ወረቀቱ ላይ ግን «ከ7፡30 እስከ 9፡00 ዕረፍት» ተብሎ የተጻፈ መሆኑን አይርሱ። ማታ ደከመኝ ብትል አውጥተው ያሳዩዋታል።

ሦስተኛ፣ ሥራዋን «ልጁን የሚመለከት ነገር ሁሉ» ብለው ይግለጹት። «ሞግዚት ናት፣ ሥራዋ ልጅ መያዝ ብቻ ነው» እያሉ ከደላላ ጋር የሚነጋገሩ ሰዎች አሉ፤ ኋላ ምጣዱን ማን እንደሚያሰማ ይቸግራቸዋል። እርስዎ እንደዚህ ያስረዱ፦ ልጁ የሚጠባው እናቱ ስትበላ ነው፣ ስለዚህ እንጀራው የልጁ ጉዳይ ነው። እንግዳ የሚመጣው ልጁን ሊያይ ነው፣ ስለዚህ ቡናው የልጁ ጉዳይ ነው። ልጁ ይታጠባል፣ ስለዚህ ውሃ መቅዳትም የልጁ ጉዳይ ነው። በብዙ የአዲስ አበባ ሰፈር ውሃ በፈረቃ እንደሚመጣ፣ ተራው ሲደርስም ሌሊት መምጣት እንደሚወድ ያውቃሉ። ቧንቧውን ከፈት አድርጋ፣ ሲንፎለፎል ሰምታ ተነሥታ፣ ጀሪካኑን ሁሉ ሞልታ መተኛት የእሷ ድርሻ ይሁን። በቤቱ ውስጥ የሚመጣበትና የሚሄድበት ቀን ለጎረቤት ሁሉ የታወቀ ነገር ቢኖር ውሃው ነው።

አራተኛ፣ የምትተኛበትን ቦታ አስበው ይምረጡ። በኮንዶሚኒየም ይህ አያስቸግርም፤ አንዱ መኝታ የእናንተ ነው፣ ሁለተኛው ካለ የእንግዳና የልብስ ነው፣ ለእሷ ሳሎን አለ። ፍራሹ ቀን ከሶፋው ጀርባ ይቆማል፣ ማታ ይነጠፋል። ይህ ቦታ ከመቆጠብ ሌላ ለሥራ ሰዓት ቁጥጥር ይመቻል። ሳሎን ውስጥ ሰው እስካለ ድረስ መኝታ ስለሌላት ሥራ ላይ ናት። የቻምፒየንስ ሊግ ሰሞን ይህ ዘዴ ፍሬውን ያሳያል። በአውሮፓ ክረምት ዋናዎቹ ጨዋታዎች እኛ ጋ ከምሽቱ 5 ሰዓት ተጀምረው ወደ ሌሊቱ 7 ሰዓት ገደማ ያልቃሉ፤ ጭማሪ ሰዓትና ፍጹም ቅጣት ምት ከመጣ 8 ሰዓት ይጠጋል። አባትየው ከሁለት ጓደኞቹ ጋር ይጮኻል፤ እሷ ማዕድ ቤቱ በር ላይ በርጩማ ላይ ሆና ታንቀላፋለች፤ በየመሀሉ «እስቲ ውሃ» ትባላለች። አርሰናል ቢያሸንፍም ቢሸነፍም እሷ የምትተኛው ዳኛው ፊሽካ ሲነፋ ነው። መውጫ ሰዓቱን የአውሮፓ እግር ኳስ ማኅበር የሚወስንለት ሠራተኛ በሌላ መሥሪያ ቤት አይገኝም።

አምስተኛ፣ የአዳርን ጉዳይ በጥንቃቄ ይያዙ። እዚህ ላይ ብዙ አሠሪ ይሳሳታል፤ ሌሊትን እንደ ሥራ ይቆጥራል። እናትየዋ አዳር ሠርታ በጠዋት ስትመጣ ቤቱ ይጨልማል፤ መጋረጃ ይዘጋል፣ ቴሌቪዥን አይከፈትም፣ ጎረቤቱ ሁሉ «ናይት ወጥታ ነው» ተብሎ ይነገረዋል። ተገቢ ነው፤ ሌሊቱን ሙሉ በእግሯ ቆማለች። በዚያው ሌሊት ቤት ውስጥ ከሕፃኑ ጋር ያደረችው ልጅ 6 ሰዓት ላይ ጡጦ ሰጥታለች፣ 8 ሰዓት ላይ ዳይፐር ቀይራለች፣ 10 ሰዓት ላይ ምክንያቱ ያልታወቀ ለቅሶ አባብላለች፣ 12 ሰዓት ላይ ቁርስ አቅርባለች። ይሁንና ያደረችው ፍራሽ ላይ ስለሆነ አዳር አይባልም። እንዲያውም እናትየዋ እንድትተኛ ፀጥታውን የምታስከብረው እሷ ናት፤ ልጁን አዝላ ደረጃው ላይ ትወጣለች፣ ትወርዳለች።

ነገር የሚያውቅ ሰው መጥቶ የዓለም የሥራ ድርጅት በ2011 እ.ኤ.አ. ያወጣውን ቁጥር 189 የቤት ሠራተኞች ስምምነት ሊጠቅስብዎ ይችላል። እውነት ነው፤ ስምምነቱ 10ኛ አንቀጹ ላይ ሠራተኛዋ ጊዜዋን እንደፈቀደች ልታዝዝበት የማትችልበት፣ «ትጠራ ይሆናል» ተብላ የምትጠብቅበት ሰዓት የአገሩ ሕግ በሚወስነው መጠን እንደ ሥራ ሰዓት ይቆጠራል ይላል። የሳምንት ዕረፍቷም ቢያንስ ተከታታይ 24 ሰዓት ይሁን ይላል። ለዚህ መልሱ አጭር ነው። ስምምነቱ የወጣው ጄኔቫ ነው፤ የእርስዎ ሳሎን ያለው ጀሞ ነው።

ስድስተኛ፣ ቦታ ከጠበበዎ ተመላላሽ ይቅጠሩ። ተመላላሽ ማለት የቤት ኪራይዋን፣ እራቷንና መንገዷን ራሷ የምትችል ማለት ነው። የጠዋት ተረኛዋ እናት 12 ሰዓት ተኩል ላይ ከቤት መውጣት ካለባት ሞግዚቷ 12 ሰዓት ላይ በሩን ማንኳኳት አለባት። ቤቷ ኮዬ ፈጬ ከሆነ መቼ መነሣት እንዳለባት ለማስላት አይድከሙ፤ እሷ ታውቀዋለች። ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተኩል ላይ ውሻው፣ ጨለማውና ያልመጣው ታክሲ የሷ ጉዳይ ነው። ማታም ሆቴሉ ውስጥ ግብዣ ካለ፣ አባትየው እስኪመጣ ትቆይ። እሱ በዚያ ሰዓት የሚመጣው ድርጅቱ ያመሸውን ሠራተኛ በየቤቱ በሚያደርስበት ሰርቪስ ነው። እሱ ከሰርቪሱ ሲወርድ እሷ ነጠላዋን ታጣፋለች። «ታክሲ አይጠፋም» ብለው ይሸኟት፤ «ስትደርሺ ደውዪልኝ» ማለትንም አይርሱ። ባትደውልም እንቅልፍ ስለሚወስድዎ አይጨነቁም።

ሰባተኛ፣ የዕረፍት ቀን ይስጡ። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ እስከ ምሳ ድረስ ነፃ ናት ይበሉ። ምሳ ላይ ዘመድ ስለሚመጣ ቀደም ብላ መመለስ አለባት፤ ማልዳም ልጁን ቁርስ አብልታ መሄድ አለባት። ቅዳሴው ራሱ ዕረፍት ስለሆነ የቀረው ሰዓት አያሳስብም። ሙስሊም ከሆነች ዓርብ የሥራ ቀን መሆኑን በትሕትና ያስረዷት። እንቁጣጣሽ፣ ገና፣ ፋሲካና ዒድ ቤት ውስጥ ሥራ የሚበዛባቸው ቀናት ስለሆኑ የዕረፍት ቀን ሊሆኑ አይችሉም። እናቷን ለመጠየቅ አገር ቤት መሄድ ካማራት በዓሉ ካለፈ በኋላ ትሂድ፤ እንዳትቀርም የወሩን ደሞዝ ይያዙባት። ይህ ዋስትና ይባላል። የእርስዎ መሥሪያ ቤት የዓመት ፈቃድ ሲሰጥዎ ደሞዝዎን ቢይዝብዎስ ብሎ የሚጠይቅ ሰው ቢገኝ፣ ነገር ከነገር አያምታታ ይበሉት።

የትምህርቱ ነገር ለብቻው መነሣት አለበት። ስትቀጠር ደላላውና ተያዥዋ ባሉበት «ማታ ማታ ትማሪያለሽ» ብላችኋታል፤ እንዲያ ባትሉ አትመጣም ነበር። ስለዚህ ፕሮግራሙ ላይ «ከ12 ሰዓት ጀምሮ ትምህርት» ብለው በትልቁ ይጻፉ። ደብተሮቿ በፌስታል ሆነው በሩ ጀርባ ሚስማር ላይ ተንጠልጥለዋል። 11 ሰዓት ተኩል ሲሆን ልጁን ታበላለች፣ ትቀይራለች፣ መጫወቻውን ትሰበስብለታለች፤ ፀጉሯን በሻሽ ታስርና በመስኮት ወደ ግቢው መግቢያ ታያለች። እናትየዋ መገናኛ ላይ ታክሲ ውስጥ ናት፤ ታክሲው ከቆመ ቆይቷል። 12 ሰዓት ከሩብ ላይ ስልኩ ይጮኻል። «ዛሬን ብቻ፣ የኔ ልጅ።» «እሺ እትዬ።» ሻሹ ይፈታል። በሳምንት ስንት «ዛሬን ብቻ» እንደሚኖር እርስዎ መቁጠር የለብዎትም፤ ክፍል ውስጥ ስም የሚጠሩት መምህር ይቆጥሩታል።

ስምንተኛ፣ ሕጉን ይወቁ። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መደበኛ የሥራ ሰዓት በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 ሰዓት እንዳይበልጥ ይላል። የትርፍ ሰዓት ሥራ በሳምንት ከ12 ሰዓት አይበልጥም፤ የሌሊቱ 1.75 እጥፍ፣ የሳምንት ዕረፍት ቀኑ 2 እጥፍ፣ የሕዝብ በዓሉ 2.5 እጥፍ ይከፈላል። ላባቸው የመጣ አንባቢዎች ይረጋጉ። ይኸው አዋጅ ለትርፍ ያልሆነ የግል አገልግሎት ቅጥርን ከሚገዛቸው ውሎች አውጥቶታል፤ የዚህን ሥራ ሁኔታ የሚኒስትሮች ምክር ቤት በሚያወጣው ደንብ ይወስናል ብሎ አልፎታል። ከእሱ በፊት የነበረው አዋጅ ቁጥር 377/1996ም ይህንኑ ብሎ ነበር። «ደንብ ይወጣል» ሲባል ስንት ሞግዚት፣ ስንት ልጅ አሳድጋ እንደሄደች አስቡት።

የሚያስቸግረው የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ነው። አሠሪው ቤት ውስጥ ለምትኖር ሠራተኛ የመኖሪያዋን፣ የሥራና የዕረፍት ሰዓቷን ነገር አሠሪው ጤናዋንና ሞራሏን በሚጠብቅ መንገድ እንዲያደርገው ያዝዛል። ደግነቱ ስንት ሰዓት እንደሆነ አይናገርም፤ ለሕሊናዎ ትቶታል። ሕሊናዎ ደግሞ ከሥራ ደክሞት ነው የሚመጣው።

ኩዌት እንኳ በ2015 እ.ኤ.አ. ባወጣችው የቤት ሠራተኞች ሕግ ቁጥር 68 የቀኑ ሥራ ከ12 ሰዓት እንዳይበልጥና በሳምንት አንድ ቀን ከነክፍያው ዕረፍት እንዲሰጥ ጽፋለች። ወረቀት ላይ ያለው በየቤቱ ይፈጸማል ማለት አይደለም፤ ከዚያ የተመለሱ እህቶቻችን ይነግሩናል። ስለዚህ ሞግዚትዎ ፓስፖርት ልታወጣ ነው ቢሉዎ ይህን ሕግ አይጥቀሱላት። «እዚያ እኮ እንቅልፍ የለም፣ ያሠቃዩሻል» ይበሏት፤ ከልብዎ አዝነው ይናገሩ።

ሒሳብ ለሚወድ አንባቢም የምናቀርበው አለ። ሞግዚቷ ከጠዋቱ 12 እስከ ማታ 4 ሰዓት ሥራ ላይ ናት እንበል። ይህ በቀን 16፣ በሳምንት 112 ሰዓት ነው። የእሑዱን ነፃነት 6 ሰዓት ብለን ብንቀንስ፣ የሌሊቱን ጡጦ ሳንጨምር፣ 106 ይቀራል። ከዚህ ላይ ለፋብሪካ ሠራተኛ የተፈቀደው 48 ሰዓት ሲነሣ 58 ይተርፋል። የትርፍ ሰዓት ጣሪያው 12 ነው፤ እሱም ሲቀነስ 46 ሰዓት ይቀራል። ይህን 46 ሰዓት «ፍቅር» በሚል አርእስት ይመዝግቡት።

ዘጠነኛ፣ ይህ ሁሉ ሲሆን «እንደ ቤተሰብ ነው የምናያት» ማለትን አይዘንጉ። የዚህ ቃል ጥቅም ሰፊ ነው። የሰዓት ሒሳብ ከቤተሰብ መካከል ነውር ነው፤ ስለዚህ ትርፍ ሰዓት አይነሣም። ቤተሰብ ሲቸግር ይቆማል፤ ስለዚህ ዕረፍቷ ላይ ትጠራለች። ቤተሰብ ውል አይፈርምም፤ ስለዚህ ወረቀት የለም። ጥንቃቄ የሚያሻው አንድ ቦታ ብቻ ነው፦ ቤተሰብ ነኝ ብላ ሶፋው ላይ እንዳትቀመጥ፣ አባትየው ሳይነሣ እንዳትተኛ፣ የታመመች እናቷን ለማስታመም ሳምንት እንዳትጠይቅ። ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል እንደሚባለው፣ እሷ እስካለች ድረስ ይጠቀሙበት፤ አንድ ቀን መሄዷ አይቀርም።

ትሄዳለችም። አብዛኛውን ጊዜ ከበዓል በኋላ፣ ወይም ደሞዝ በወጣ በማግስቱ፣ «አክስቴ ታመሙ» የሚል ስልክ ተደውሎ ነው። ያን ጊዜ «ውለታ ቢስ» ይበሉና ለደላላው ይደውሉ። አዲሷ ልጅ ስትመጣ ወረቀቱን ያሳዩዋት፤ ስሙን ብቻ መቀየር ነው። በቤቱ ውስጥ ለውጡን የማይቀበል ቢኖር ልጁ ነው። እሱ የሚያውቀው ጀርባ አንድ ነው፤ አዲሷ ስታዝለው ወደ ኋላ እየተለጠጠ ያለቅሳል፣ ጡጦውን ይወረውራል፣ ሌሊት የሄደችውን ይጠራል። ሐኪም ጋ ወስደው «ጥርስ ሊያበቅል ነው» ያሰኙት።

ምክራችን እዚህ ላይ ያበቃል። ይሁንና በየቤቱ አቅመ ደካማ አሠሪ አይጠፋም። ሌላው ሲተኛ እሱ እንቅልፍ እንቢ የሚለው፣ ፌስታሉን በር ጀርባ ሲያይ የሚያፍር ሰው ማለታችን ነው። ለእንደዚህ ያሉት ከዘመኑ ጋር የማይሄድ፣ ግን የሚሠራ ሌላ መንገድ አለ።

መነሻው አንድ ቀላል እውነት ነው። እናትየዋ የምትሠራበት ሆስፒታል 24 ሰዓቱን በአንድ ነርስ አይሸፍንም፤ ቀን፣ ከሰዓት፣ አዳር ብሎ በተረኛ ይከፍለዋል፣ አዳር ያደረችውንም በማግሥቱ አይጠራትም። ሆቴሉም እንዲሁ ነው። ሁለታችሁም በፈረቃ እየሠራችሁ፣ የፈረቃን ነገር ከማንም በላይ እያወቃችሁ፣ ቤት ውስጥ ግን 24 ሰዓቱን ለአንዲት ልጅ ትሰጧታላችሁ። አንድ ሰው ሦስት ተረኛ መሆን አይችልም። ልዩ የሥራ ሰዓት የሚያወጣ ቤት መጀመሪያ ይህን መቀበል አለበት።

ከተቀበለ ቀሪው አይከብድም። የሆስፒታሉ የወር ተራ በወጣ ዕለት አንዱ ቅጂ ለሞግዚቷ ይድረሳት። የእሷ ሰዓት በእሱ ላይ ተመሥርቶ መግቢያውም መውጫውም ይጻፍ፤ ለውጥ ካለ ቢያንስ ከአንድ ቀን በፊት ይነገራት። ከሕፃኑ ጋር ያደረችበት ሌሊት አዳር ተብሎ ይመዝገብ፤ በማግሥቱ እስከ ምሳ ልጁን ሌላ ሰው ይያዝ፣ ለአዳሩም ከደሞዟ ሌላ ይከፈላት። በሳምንት አንድ ሙሉ ቀንና ሌሊት የእሷ ይሁን፤ ቀኑን ከተራችሁ ጋር አስማምታችሁ ልትቀይሩት ትችላላችሁ፣ ልትቆርሱት ግን አትችሉም። የትምህርት ማታዎቿ አይነኩም፤ ያ ማታ የወላጅ ተረኝነት ነው፣ የዘገየው ወላጅ አያት ወይም ጎረቤት ይለምን። ከምሽቱ 2 ሰዓት በኋላ የምትወጣ ተመላላሽ የራይድ ሒሳቧ የአሠሪ ነው። ሳሎን የምትተኛ ከሆነ ሳሎኑ የሚዘጋበት ሰዓት ይወሰን፤ ኳሱን ስልክ ላይ ማየት ይቻላል። ወረቀቱ ሁለት ቅጂ ይሁን፤ አንዱ እሷ ጋ፣ እሷ በምታነበው ቋንቋ።

ይህ ሁሉ ሲጻፍ ማንም የማይሸፍነው ሰዓት ሊተርፍ ይችላል። ለእሱ ሁለተኛ ተመላላሽ መቅጠር ነው። ገንዘቡ ከሌለ፣ እናትና አባት ተራቸውን አፈራርቀው ይያዙት። ክፍያ ያልተገኘለት ሰዓት የወላጅ ሰዓት ነው፤ ለሞግዚቷ በምርቃት የሚሰጥ አይደለም።

ሲጨርሱ ወረቀቱ ላይ ከላይ ያለውን ስሟን በእጅዎ ይሸፍኑና የራስዎን ስም አስበው አንዴ ያንብቡት። አለቃዎ ነገ ጠዋት ቢሰጥዎ የሚፈርሙበት ከሆነ ይስጧት። የማይፈርሙበት ከሆነ እንደገና ይጻፉት።